የጋሽ ጠና ቢላና የእትዬ ዘነበች ቅቤ

በሰፈራችን የመስቀል ቅርጫ ዕጣ አይጣልበትም። ሌላ ቦታ ሥጋው ተመድቦ ኮባ ላይ ከተደረደረ በኋላ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ፣ አንዱ የቁልፍ መያዣ ያዋጣል፤ ፊቱን ያዞረ ሰው እያነሳ መደቡ ላይ ይጥላል፤ የደረሰህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው። እኛ ጋ ግን ዕጣው ጋሽ ጠና ናቸው። በአንድ እጃቸው ቢላ፣ በሌላው ሥጋ ይዘው የአባወራውን ስም ጮክ ብለው እየጠሩ ይደለድላሉ። ቤቱ ጥርስ የሌላት አሮጊት ካለች ለስላሳውን ያደርጉለታል። ልጅ ለበዛበት ቅልጥም ይጨምራሉ። ሚስቱ አራስ የሆነች ሰው መደብ ላይ ጉበቱ ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ማንንም ሳይጠይቁ ነው። «ለእሱ በዛ፣ ለእኔ አነሰ» ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም ይላሉ የሰፈሩ ነባሮች፤ እኔም ገብቼ ካየሁት በኋላ አመንኩ።

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ መስቀል ዓመቱን ሙሉ የሚታሰብ ነገር ነው። ወንዶቹ ቱታ በሚሉት ማኅበር እያዋጡ በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ዊጆ በሚሉት ማኅበር ቅቤ ያጠራቅማሉ። በሬውና ቅቤው የሚገናኙት መስከረም ላይ ነው፤ የሚገናኙትም ሆዳችን ውስጥ።

ጋሽ ጠና ሆመቾ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ከተማ የገቡ፣ ዕድሜያቸውን በግብርና ቢሮ መጋዘን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሰፊ ትከሻ፣ ከትከሻው የማያንስ ቦርጭ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ድምፅ። ካቶሊክ ናቸው፤ እሑድ ቅዳሴ አይቀሩም፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደግሞ ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ከምትሠራው አተካና አይቀሩም። አተካና ለማያውቅ ሰው፣ ቡላ በወተትና በቅቤ የሚበስልበት፣ ማንኪያው ብቻውን የሚቆምበት ምግብ ነው። «ቅቤ የሌለው ቤት ጣሪያ የሌለው ቤት ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ጠና፤ ያልፋል የተባለ ቅቤ ደግሞ ከእሳቸው አጠገብ አልፎ አያውቅም።

እኔ ሰፈሩ ውስጥ ቤት የተከራየሁት የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። ሚሊኒየሙ ነው፤ አገሩ ሁሉ ጨፍሯል፤ ቱታውም ለክብሩ ሲባል ከወትሮው ትልቅ በሬ ገዝቷል። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ወዲያው አስገቡኝ። ሳፋዬን ይዤ በኮባው ዙሪያ ከቆሙት ጋር ቆምኩ።

ጋሽ ጠና እየጠሩ ነው። ስም፣ ሥጋ፣ ስም፣ ሥጋ። መጨረሻው መደብ ላይ ደረሱና «የዳኘ!» አሉ።

ዳኘ የሞተው በዐቢይ ጾም ነበር። ሚስቱም ቤቱን ዘግታ ሆመቾ ልጇ ጋ ሄዳለች። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ራሳቸው ጋሽ ጠና ናቸው።

«ጠና» አሉ ጋሽ ሽብሩ በቀስታ። ጋሽ ሽብሩ የፍርድ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ በቀስታ ሲናገሩ ነው የሚያስፈሩት። «ዳኘ እኮ...»

«ዳኘ ምን ሆነ?»

ከዚያ ፊታቸው ላይ ነገሩ ሲደርስ አየሁት፤ ቢላው እጃቸው ላይ እንዳለ ዓይናቸው ከሰው ወደ ሰው ዞረ፤ በመጨረሻ እኔና ባዶ ሳፋዬ ላይ አረፈ። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ እኔን ዘለው ዳኘን ነው የጠሩት።

«መምህር፣ የዳኘን ውሰድ በቃ» አሉ ጋሽ ሽብሩ፤ «እሱ ለመምጣት የቸኮለ አይመስልም።»

ሰው በግድ ሳቀ። እኔም ይዤው ልገባ ስል ባለቤቴ ራሔል ከበሩ መለሰችኝ። «የሙት መደብ እዚህ ድስት ውስጥ አይገባም!» አለች። ሥጋው ቤተክርስቲያን አጠገብ ለሚኖሩ አረጋውያን ተላከ። ለእኔ ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ ተቆረጠልኝና፣ ምን ልበላችሁ፣ በዚያ መስቀል ከሁሉም የበለጠ ሥጋ ይዞ የገባው እንግዳው ሆነ።

ወሬው ግን አልቆመም። ሰው ወደኋላ እያሰበ ምልክት ይለቅም ጀመር። ጋሽ ጠና ለጨው ገበያ ወጥተው አውራ ዶሮ ይዘው ተመልሰዋል። አንድ ወጣት መንገድ ላይ ሰላም ሲላቸው በአባቱ ስም ጠርተውታል። የጀመሩትን ወሬ መሐል ላይ ትተው «ምን ነበር ያልኩት?» ይላሉ። ጋሽ ሽብሩም ቀስ ብለው ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት፣ «የሚመጣው ዓመት እንደ ሌላው ሰው ዕጣ ብንጥል ምን ይለናል?» ማለት ጀመሩ።

ይህ ጋሽ ጠና ጆሮ ደረሰ። ቢሮው በጡረታ ሸኝቷቸዋል፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባና ሐዋሳ ናቸው፤ የቀራቸው ሥራ ይህ ነበር። አንድ ቀን ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ስሙን ጠርቼ ሥጋ የማልሰጠው ሰው፣ ነገ መንገድ ላይ ጋሽ ጠና ሲለኝ ምን ብዬ ነው አቤት የምለው?»

እትዬ ዘነበች ግን መድኃኒቱን ታውቃለች። «አናቱ ደርቆ ነው» አለች። «አባቴም እንዲህ ጀምሮት፣ እናቴ በቅቤ ነው ያራሰችው።» ለጋሽ ጠና ጠዋት ጠዋት አናታቸው ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግላቸው ጀመር። ማታ አተካና፣ ለቁርስ ቅቤ የጠጣ ቆጮ፣ መሐል ላይ ብርታት እንዲሰጣቸው ስኳር የበዛበት ሻይ። የዊጆ ሴቶችም ጎረቤታቸው ሲታመም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንዷ በኮባ ጠቅልላ፣ አንዷ በቅል ይዛ፣ «ለጋሽ ጠና ራስ» እያሉ ያስገባሉ። በዚያን ወቅት ሰፈሩ ውስጥ ቅቤ ያልጠገበ ሰው ቢኖር በእትዬ ዘነበች በር ያላለፈ ነው።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ተንበርክከን ሳለ ፀሐዩ በመስኮት ገባና የጋሽ ጠና አናት ላይ ወረደ። ቅቤው በግንባራቸው፣ ከግንባራቸው በአፍንጫቸው፣ ከዚያም ተንጠባጥቦ ከፊታቸው የተንበረከከችው ሴት ነጠላ ላይ። ሴትዮዋ ዞራ አየቻቸው። «ይቅርታ እህቴ» አሉ ጋሽ ጠና በሹክሹክታ፣ ቤተክርስቲያኑ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፤ «ሕክምና ላይ ነኝ።»

መድኃኒቱ ግን አልሠራም። እንዲያውም ባሰባቸው፤ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ። ውኃ አይጠግቡም፤ ጆጉን አንስተው ነው የሚጠጡት። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልደርቅ አለች። እትዬ ዘነበች ይህን ስታይ ቅቤው አነሰ ብላ ጨመረች።

ለገና የወንድማቸው ልጅ ዮርዳኖስ ከዱራሜ መጣች። ዮርዳኖስ እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ምሳ ላይ ተቀምጣ አጎቷን ስታያቸው ቆየች።

«አባባ፣ ይህ ስንተኛው ጆግ ነው?»

«ውኃ ነው እኮ። ውኃም በቁጥር ሆነ?»

«ሽንትስ?»

«ዘነበች! ይቺ ልጅ ምግብ ላይ ምንድነው የምትጠይቀኝ?»

«አልደርቅ ብሏል ያሉኝን ቁስል አሳየኝ፤ ካልሲህን አውልቅ።»

«አንቺ፣ ገና ነው እኮ ዛሬ!»

ካልሲው ወለቀ። ዮርዳኖስ ቁስሉን ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጋ አየችው። በማግስቱ ከነጋ ምንም ሳይቀምሱ ወደ ሐኪም ቤት አስከትላቸው ሄደች፤ እትዬ ዘነበችም ቅቤዋን ልትከላከል አብራ ሄደች።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሆነውን እትዬ ዘነበች ራሷ ነው የምታወራው፤ ባወራች ቁጥር ትንሽ ይጨምራል፤ ዮርዳኖስን ጠይቄ ያረጋገጥኩት ግን ይሄንን ነው። ደማቸው ተቀድቶ፣ በመሣሪያ ተሽከርክሮ፣ ቀዩ ታች ሲረጋ ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ መቅረት ነበረበት። የጋሽ ጠና ግን ነጭ ነው። እንደ አሬራ የደፈረሰ ነጭ። ባለሙያው ብልቃጧን ለብርሃን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

ጋሽ ጠና አዩና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ዘነበች፣ ይኸው ቅቤሽ። አልጠፋም፤ ሁሉም አለ።»

እትዬ ዘነበች በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ማስረዳት ይችልበታል። ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሏል፤ የደም ቅባትና ኮሌስትሮላቸውም እንዲሁ፤ ግፊትም አለ። «አባቴ፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄዱት ደም ስሮች አንዳንዶቹ ከክር ይቀጥናሉ» አላቸው። «የሰፈራችሁ ቧንቧ ሲደፈን መጀመሪያ ውኃ የሚጠፋው የት ነው?»

«ጫፍ ያለው ቤት።»

«ጭንቅላትዎም ውስጥ እንደዚያው ነው። ልብን የሚጎዳው ነገር ቀስ ብሎ የማስታወስ ችሎታንም ይጎዳል። ስኳሩ ራሱ ከፍ ሲል ደግሞ ያደነዝዛል።»

«ልጄ፣ ይመለሳል?» አለች እትዬ ዘነበች።

ሐኪሙ አልዋሻትም። «ስኳሩ ሲወርድ ድንዛዜው ይቀላቸዋል። ደም ስሩ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ግን እሱን መመለስ አልችልም፤ እንዳይብስ ማዘግየት ነው የምንችለው። የዕድሜም ድርሻ አለው። ክኒን አለ፤ የበለጠው ሥራ ግን እናንተ ቤት ነው ያለው። ቅቤው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስኳሩም፣ ቆጮና ድንቹ መብዛቱም፣ ተቀምጦ መዋሉም አለበት።»

«አናቱ ላይ የምቀባውስ?»

«እሱ የሚጎዳው ትራሱን ነው።»

ከሐኪም ቤት የወጣው ነገር ሰፈር ውስጥ መኖር ነበረበት፤ ችግሩም እዚያ ነው። ባሏን ከቅቤ የከለከለች ሴት በእኛ ዘንድ ምን እንደምትባል ይታወቃል። ስስታም ትባላለች። የዊጆ ሴቶች ያመጡትን አልቀበልም ማለት ደግሞ ፊታቸው ላይ በር መዝጋት ነው። እትዬ ዘነበች ሦስት አራት ቀን ጎመን ቀቅላ፣ አተር ፈጭታ፣ አንገቷን ደፍታ ሰነበተች። በኋላ ዊጆው እሷ ቤት ሲሰበሰብ ተነስታ ቆመች።

«እህቶቼ፣ የሰጣችሁኝን ሁሉ አብልቼዋለሁ። አንድም አልባከነም፤ ደሙ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ።» ከዚያ የብልቃጧን ቁመት በእጇ እያሳየች፣ ነጩ እስከየት እንደደረሰ በጣቷ እየለካች ነገረቻቸው። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ፣ «የእኔም ሰውዬ ውኃ ያበዛል» አለች። ሌላዋ፣ «የእኔም ሲበላ ያንቀላፋል» አለች። በዚያው ሳምንት ስንት ባል በሚስቱ እየተጎተተ ደም ሊሰጥ እንደሄደ ባለሱቁ ቃሲም ሲቆጥር ነበር፤ ሱቁ መንገዱ ዳር ስለሆነ ሁሉም ያልፋል።

ቃሲም የጋሽ ጠና የዕድሜ እኩያ ነው፤ ስኳር ከያዘው ቆይቷል። «ስኳር እሸጣለሁ እንጂ አልበላም» ይላል፤ «ጠላቴን በኪሎ መዝኜ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።» ጋሽ ጠናን ለጠዋት እርምጃ የወሰዳቸው እሱ ነው። ከሱብሒ ሶላቱ ሲመለስ በራቸውን ያንኳኳል፤ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ይወጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጋሽ ጠና ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ድንጋይ ፈልገው ይቀመጡ ነበር። ባለባጃጆቹ ሲያዩአቸው ዝግ ያደርጋሉ፤ «አባቶች፣ ላድርሳችሁ?»

«ሂድ ወዲያ!» ይላል ቃሲም። «ይህን ቦርጭ ያወጣኸብን አንተ ነህ!»

መንገድ ላይ ሌላ ሥራም ነበራቸው። ቃሲም የቱታው አባል አይደለም፤ የሚያርደውም የራሱን በራሱ በዓል ነው። ሰፈሩን ግን ቤት በቤት ያውቃል።

«እሺ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ?»

«ተክለጊዮርጊስ።»

«ቤቱ ውስጥ ማን አለ?»

«እናቱ፣ ጥርስ የላቸውም። ሚስቱ። ልጆቹ... አራት።»

«አምስት። ባለፈው ወር ወለደች፤ ገንፎውን በልተሃል።»

«ገንፎውን ከልክላችሁኝ የለም እንዴ! የት አባቴ አስታውሳለሁ?»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ሲጥል በጃንጥላ ሄዱ። የጋሽ ጠና ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ቁስሉ ደረቀ። ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፉት ቀረ። ለጨው ሲወጡ ጨው ይዘው ይገባሉ። አልፎ አልፎ ግን ቃል ትጠፋቸዋለች፤ አየር ላይ የምትፈለግ ይመስል ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ይፈልጓታል።

ጳጉሜን ላይ ቱታው በሬ ሊያይ ተሰበሰበ። በሬው ከታየ በኋላ ጋሽ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠናን እወደዋለሁ፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ልጠይቀው። ዘንድሮ ለስንት ሙታን ነው የምትደለድለው?»

«አንተ ካልቸኮልክ ለማንም» አሉ ጋሽ ጠና።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ጋሽ ጠና ግን አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ሽብሩ ልክ ነው። ረስቻለሁ። ሐኪሙ ስብና ስኳር ነው ይላል፤ እርጅናም አለበት። አሁን ይሻለኛል፤ ድኛለሁ ግን አልልም። አንድ መስቀል ስጡኝ። አንድ ስም ከሳትኩ ቢላውን እዚያው ኮባው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣ ጣሉ፤ ቅርም አይለኝ።»

እትዬ ዘነበች ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ማን አስማለህ? ትንሽ ዝም የሚያሰኝ ክኒን የለም?»

መስቀል ደረሰ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ኮባው ተነጠፈ። እኔ ሳፋዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ልቤ ግን ከእኔ ሳፋ ይልቅ ከእሳቸው ቢላ ጋር ነው። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ሆና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስም አላውቅም። ቃሲም እንኳ ሱቁን ለልጁ ለሰዒድ ትቶ ሊያይ መጥቷል።

ጋሽ ጠና ጀመሩ። «የተክለጊዮርጊስ!» ለስላሳው፣ ከዚያ ቅልጥም፣ ለምታጠባዋ እናት ጉበት። ቃሲም በኩራት አካባቢውን ቃኘ። «የመምህሩ!» ሲሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ፤ ያፈርኩትን ማፈር። ድምፃቸው እየደመቀ ሄደ። ስም፣ ሥጋ፣ ስም፣ ሥጋ። መጨረሻው መደብ ላይ ደረሱ፤ ሥጋውን አነሱ፤ አፋቸውን ከፈቱ።

ምንም አልወጣም።

ጣታቸው አየር ላይ ስትፈልግ አየኋት። አምና ቢሆን የመጣላቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ዘንድሮ ሥጋውን መልሰው አስቀመጡና ቀና አሉ።

«አንድ ሰው ጠፋብኝ» አሉ። «ማነው የቀረው?»

በመጨረሻ ከጀርባቸው፣ በቀስታ፣ «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ሽብሩ ሳፋቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ግን አጥሩ ሥር ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ተንከተከቱ።

«ይህን ያህል ጠልተኸኛል?» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«የጠሉት ሰውማ አይረሳም፤ ወድጄህ መሆን አለበት» አሉ ጋሽ ጠና። ነገር ግን ቃላቸው ቃል ነው። ጎንበስ ብለው ቢላውን ኮባው ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን በኮባ ጠረጉ፤ ከመደቡ አንድ እርምጃ ራቁ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ጋሽ ሽብሩ ሳፋቸውን ለእኔ ሰጡኝና ቢላውን አነሱት። ዳኝነት ሊሰጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ስለቱን ወደ ራሳቸው፣ እጀታውን ወደ ጋሽ ጠና አዞሩት።

«የተረሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የመክሰስ መብቱም የመተውም የእኔ ነው። ትቼዋለሁ። አምና ሳታውቅ አለፍከን፤ ዘንድሮ አውቀህ ጠየቅከን፤ ይህ ይበቃኛል። አንተ ቁረጥ፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ የጠፋህን ስም አቀብልሃለሁ።»

«የራስህንም?»

«የራሴን ሁለት ጊዜ ነው የምጠራው።»

ጋሽ ጠና ቢላውን ተቀበሉ። «የሽብሩ!» ብለው ሲጮሁ ድምፃቸው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መደቡ ላይ ጮማ ጨምረውበት ነበር፤ እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ሥር፣ «ከዚያ ቀንስለት! እሱም ደም ይስጥ መጀመሪያ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ሽብሩ ሳቁ። ሲመሽ ግን ብቻዬን አግኝተውኝ፣ ያ የደም ምርመራ በባዶ ሆድ ነው ወይስ ተበልቶ ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መስቀል አልፏል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ያቀብላል። ዮርዳኖስ በየጊዜው መጥታ ስኳራቸውን ትለካለች፤ አንዳንዴ ትደሰታለች፣ አንዳንዴ አተካናው የት እንደተደበቀ ትፈልጋለች። አንዳንድ ዓመት አንድ ስም፣ አንዳንድ ዓመት ሁለት ይጠፋል። ባለፈው፣ ከቃሲም ጋር ከእርምጃ ሲመለሱ አግኝቻቸው፣ «ጋሽ ጠና፣ ሁሉም ስም የጠፋብዎ ዕለትስ?» አልኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን እሳቸው የሚከፋቸው ዓይነት አይደሉም።

«ያን ጊዜማ ቢላውን ለአንተ እሰጥና ሳፋዬን ይዤ ከሰው ጋር እቆማለሁ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ስሜን ጮክ ብለህ ጥራው እንጂ፤ የጠራኸው እኔን መሆኑን ቃሲም ይነግረኛል።»